ቡራቅ፦ ከበቅሎ ያነሰ፣ ከአህያ የበለጠ

(በሐይቅ አጠገብ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ እንስሳ ነው። ይህ እንስሳ በሐይቅ ገበያም ሆነ በደሴ ገበያ አይገኝም። ገብስ አይሰፈርለትም። እህል አይጫንበትም። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስሙን ታውቁታላችሁ። ቡራቅ ይባላል።

«ፊደል ልታስተምሩን መጥታችሁ ስለ ቡራቅ ምን አናገራችሁ?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

አንድ ማታ በዳሱ ውስጥ ተሰብስበን «በቅሎ» የሚለውን ቃል እያስተማርን ነበር። በ፣ ቅ፣ ሎ። ሦስቱን ፊደል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍን። አንድ ሽማግሌ አባት ከኋላ ሆነው፣ «ቡራቅ ከበቅሎ ያንሳል፤ ከአህያ ይበልጣል» አሉ። እኛም ደስ አለን። ትምህርቱን ከሚያውቁት ነገር ጋር አገናኙት ማለት ነው።

አንድ ጎልማሳ ግን ከፊት ተነሣ። «አይደለም አባባ» አለ። «ቡራቅ እኮ የሴት ፊት አለው። ዘውድ ደፍቷል። ክንፍ አለው። ጭራው የጣዎስ ጭራ ነው።» ጣዎስ ማለት ጭራዋ ያጌጠ ትልቅ ወፍ ናት። «በምን ዐወቅህ?» ቢሉት፣ «ነጋዴ ወንድሜ ከጅቡቲ ያመጣልኝ ሥዕል ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በዓይኔ አየዋለሁ» አለ።

ሽማግሌው ተቆጡ። «ያ ሥዕል ሐራም ነው» አሉ። ጎልማሳውም፣ «ቤቴን ሐራም አሉት!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ ወደ ሽማግሌው፣ ግማሹ ወደ ጎልማሳው ሆነ። በዚህ መካከል ከእኛ ከዘማቾቹ አንዱ ጠቡን የሚያበርድ መስሎት፣ «በሉ ተዉት፤ ሁሉም ተረት ነው። ጊዜ አናባክን። ወደ ፊደላችን እንመለስ» አለ።

ዳሱ ጸጥ አለ። ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው ወጡ። በማግስቱ ማታ ዐሥራ አንድ ሰዎች ቀሩ። በሦስተኛው ማታ በዳሱ ውስጥ የነበርነው እኛና ፋኖሱ ብቻ ነበርን።

ሽማግሌው ቤት ሄድን

በአራተኛው ቀን ይቅርታ ልንጠይቅ ከሽማግሌው ቤት ሄድን። ቡና ተፈልቶ ነበር። «ግቡ ልጆቼ፣ ተቀመጡ» አሉን። አልተቆጡም። ቁጣ ሳንሰማ መቀመጡ ግን ይበልጥ ከበደን።

ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ከመደብ ላይ ተነሥተው በቆዳ የተለበጠ መጽሐፍ አወረዱ። መጽሐፉ ቁርአን ነበር። ገለጡትና ከቀኝ ወደ ግራ እያነበቡ አሰሙን። ድምፃቸው አልተሰናከለም።

እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። እኒህን አባት በመዝገባችን ላይ «ማንበብና መጻፍ የማይችሉ» ብለን ነበር የመዘገብናቸው። የአማርኛ ፊደል አያውቁም እንጂ ማንበብስ ከእኛ መወለድ በፊት ያውቁ ኖሯል።

«ልጄ፣» አሉ ያን የተናገረውን ጓደኛችንን፣ «እኔ ፊደል ስታስተምረኝ በደስታ ተማርኩ። በዕድሜ ታንሰኛለህ ብዬ አልኮራሁብህም። አንተ ግን እኔ የማውቀውን ሳትጠይቀኝ ተረት ነው አልክ። ቅድመ አያቴ በቦሩ ሜዳ ጊዜ ሃይማኖትህን ለውጥ ሲባሉ አገር ጥለው ተሰደዋል። ያኔ የመጡት በጦር ነው። እናንተ ደግሞ በጠመኔ መጣችሁ?»

ይህ ንግግር ለምን እንደከበደ ለማያውቅ ሰው እንግለጽ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ብዙም አይርቅም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ ስፍራ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ እስላም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። የወሎው ገዥ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። እምቢ ያለው ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ሸፈተ፤ ሞተ። እንግዲህ በወሎ ምድር የሰውን እምነት በአንድ ቃል ማናናቅ ቀላል ነገር አይደለም። የቆየ ቁስል መንካት ነው።

ጓደኛችን ተነሥቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። «አጥፍቻለሁ አባባ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። «አብሽር፣ ልጄ» አሉት። «ይቅርታው ይኸውልህ። አሁን ደግሞ ተማር።»

እኛም ለመማር ቃል ገባን። ሸሆችን ጠየቅን። የቤተ ክርስቲያን መምህርም ጠየቅን። መጻሕፍትንም አገላበጥን። ያገኘነውን አሁን እንነግራችኋለን።

ስሙ ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በዐረብኛ «በርቅ» ማለት መብረቅ ማለት ነው። ቡራቅ የሚለው ስም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። እንደ መብረቅ ፈጣን፣ እንደ መብረቅ የሚያበራ ማለት ይሆናል።

አሁን ሰሌዳውን ተመልከቱ። በ፣ ረ፣ ቀ። እነዚህን ሦስት ፊደሎች ታውቋቸዋላችሁ። «መብረቅ» በሚለው ቃል ውስጥ ፈልጓቸው። መ-ብ-ረ-ቅ። ሦስቱም አሉ። «አብረቀረቀ» በሚለውም ውስጥ አሉ። ዐረብኛ፣ ግእዝና አማርኛ የአንድ ዘር ቋንቋዎች ናቸው። ስለዚህ ቡራቅ የሚለው ስም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

ሌላም አለ። ነቢዩ ሙሐመድ ወደ ሰማይ የወጡበት ሌሊት «ሚዕራጅ» ይባላል። መውጫ፣ መሰላል ማለት ነው። ክርስቲያኖቻችሁ ደግሞ ከትንሣኤ በኋላ በ40ኛው ቀን «ዕርገት»ን ታከብራላችሁ። ዐረገ ማለት ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። እኛ «ገ» የምንለውን ዐረብ «ጀ» ይለዋል። እኛ ግመል ስንል እነርሱ ጀመል ይላሉ። እንግዲህ ዕርገትና ሚዕራጅ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ሁለቱ እምነቶች የሚናገሩት ስለ ተለያየ ታሪክ ነው፤ ቃሉ ግን አንድ ነው።

ጉዞው

ነቢዩ ሙሐመድ በመካ ሳሉ ተከታዮቻቸው ብዙ መከራ ደረሰባቸው። ከተከታዮቻቸው አንዳንዶቹን ወደ ሀበሻ ንጉሥ ወደ ነጃሺ ላኩ። ይህ የሆነው በፈረንጅ አቆጣጠር በ615 ዓመት ገደማ ነው። የፈረንጁ አቆጣጠር ከእኛው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። ከዚህ በኋላ «እ.ኤ.አ.» ብለን ስንጽፍ ይህንኑ የፈረንጅ አቆጣጠር ማለታችን ነው።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ621 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የሌሊቱ ጉዞ ሆነ ይባላል። ሙስሊሞች ይህን ሌሊት ረጀብ በሚባለው ወር በ27ኛው ሌሊት ያስቡታል። መልአኩ ጂብሪል ቡራቅን ይዞ መጣ። ነቢዩ በቡራቅ ተቀምጠው ከመካ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ማለት ወደ በይተል መቅዲስ፣ ሄዱ። ከዚያም ወደ ሰማይ ወጡ። በሰማይም የቀደሙትን ነቢያት አገኙ። በዚያ ሌሊት ሶላት ታዘዘ። መጀመሪያ በቀን 50 ነበረ፤ ነቢዩ ሙሳ «ሕዝብህ አይችለውም፣ ተመለስና አስቀንስ» እያሉ መከሯቸው፤ በመጨረሻ 5 ሆነ። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግደው ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነው።

ርቀቱን አሁን በሒሳብ እንየው። ከመካ እስከ ኢየሩሳሌም በቀጥታ ሲለካ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሐይቅ እስከ አዲስ አበባ በመኪናው መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የመካና የኢየሩሳሌም ርቀት ከሐይቅ አዲስ አበባ ያለውን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አንዲት ደኅና በቅሎ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ስንት ቀን ይፈጅባታል? 1,200ን ለ40 አካፍሉት። 30 ቀን ይመጣል። አንድ ወር ሙሉ ማለት ነው።

የመካ ሰዎችም የተከራከሩት በዚሁ ሒሳብ ነው። «ግመል አንድ ወር ሄዶ አንድ ወር የሚመለስበትን አገር አንተ በአንድ ሌሊት ደርሰህ መጣህ?» አሉ። ኢየሩሳሌምን የሚያውቁ ሰዎች መልኳን ጠየቋቸው፤ ነቢዩም ነገሯቸው ይባላል። አቡ በክር ያለ ጥርጥር አመኑ፤ ስለዚህም «ሲዲቅ» የተባሉት በዚህ ነው ይላሉ። ማመንና አለማመን የየሰው ድርሻ ነው። እኛ የምንነግራችሁ ታሪኩ እንዴት እንደተጻፈ ነው።

መልኩ በቃል

አሁን ወደ ጠቡ እንመለስ። የቡራቅ መልክ ምን ዓይነት ነው? የሽማግሌው ቃል ነው ወይስ የጎልማሳው ሥዕል ትክክል?

ይህን ለማወቅ ደረጃ በደረጃ እንውጣ። መሰላል ሲወጣ እግር የሚያርፈው አንድ እርከን ላይ ነው፤ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል።

አንደኛው እርከን ቁርአን ነው። በ17ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የሌሊቱ ጉዞ ተጽፏል። ከተከበረው መስጂድ ወደ ሩቁ መስጂድ እንደተሄደ ይናገራል። ሽማግሌው ያነበቡልን ይህንን ነው። የቡራቅ ስም ግን በዚያ አይገኝም።

ሁለተኛው እርከን ሐዲስ ነው። ሐዲስ ማለት ነቢዩ የተናገሩትና ያደረጉት በምስክሮች ቃል ተላልፎ የተጻፈበት ነው። ስመ ጥር ከሆኑት ሰብሳቢዎች ቡኻሪ በ870 እ.ኤ.አ.፣ ሙስሊም የተባሉት በ875 እ.ኤ.አ. ሞቱ። በእነዚህ መጻሕፍት ቡራቅ ነጭ እንስሳ ነው። ከበቅሎ ያንሳል፤ ከአህያ ይበልጣል። ኮቴውን የሚያሳርፈው ዓይኑ አይቶ በሚጨርስበት ቦታ ነው። እንግዲህ ከአምባሰል ገደል አፋፍ ላይ ቁሙና ወደ ታች ተመልከቱ። ዓይናችሁ የመጨረሻውን ሸንተረር ሲያይ፣ ያ ሁሉ አገር ለቡራቅ አንድ እርምጃ ነው።

በሌላ ሐዲስ ደግሞ ቡራቅ ኮርቻና ልጓም ተደርጎለት ቀረበ፤ ነቢዩ ሊቀመጡበት ሲሉ ግን አስቸገረ ይላል። ጂብሪልም፣ ከእኒህ የከበረ ሰው ተቀምጦብህ አያውቅም ብሎ ገሠጸው። ቡራቅም ላብ አጠመቀው። በቅሎ ገርታችሁ የምታውቁ ሁሉ ይህ ይገባችኋል። ሙስሊም በጻፉት ሐዲስ ነቢዩ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ቡራቅን ነቢያት ከሚያስሩበት ቀለበት ላይ አሰሩት ይላል። የሰማይ እንስሳ ቢሆንም ታሰረ። ተራኪው እንስሳ የሚያውቅ ሰው ነበረ።

ሦስተኛው እርከን የነቢዩ የሕይወት ታሪክ ነው። ከቀደምቶቹ ጸሐፊዎች አንዱ ኢብን ኢስሐቅ በ767 እ.ኤ.አ. ገደማ ሞቱ። በእርሳቸው ታሪክ ቡራቅ በታፋው ላይ ሁለት ክንፍ አለው። ስለዚህ ጎልማሳው ስለ ክንፉ ከባዶ አልተናገረም።

የሴት ፊትስ? ዘውድስ? የጣዎስ ጭራስ? በእነዚህ ሦስት እርከኖች ላይ አልተገኙም።

መልኩ በሥዕል

አራተኛው እርከን ሥዕል ነው። የቡራቅ ሥዕል በይበልጥ የተስፋፋው በፋርስ አገር፣ ዛሬ ኢራን በሚባለው፣ እና በአካባቢው ነው። ሥዕሎቹ የተሣሉት በእጅ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

ከጥንቶቹ አንዱ ረሺድ አልዲን የተባለ የመንግሥት ሹም ባስጻፈው ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አለ። መጽሐፉ በ1314 እ.ኤ.አ. ገደማ በታብሪዝ ከተማ ተጽፎ ዛሬ በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዚያ ሥዕል ቡራቅ የሰው ራስ አለው።

ዘመኑን በራሳችን አገር እንለካው። ከዚህ ከሐይቅ ዳር፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የተጻፈ የአራቱ ወንጌል ብራና አለ። የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በ1281 እ.ኤ.አ. አካባቢ ማለት ነው። እርሱም ሥዕል አለበት። እንግዲህ የሐይቁ ወንጌል ከተጻፈ ከ30 ዓመት ትንሽ ቆይቶ ያኛው ሠዓሊ በታብሪዝ ቡራቅን ሣለ።

በ1436 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ በሄራት ከተማ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ስለ ሚዕራጅ የሚናገር መጽሐፍ ተዘጋጀ። በውስጡ ከ50 በላይ ሥዕሎች አሉ። ነቢዩ በቡራቅ ላይ ሆነው ከሰማይ ወደ ሰማይ ሲያልፉ ያሳያሉ። መጽሐፉን አንድ ፈረንሳዊ በ1673 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ላይ ገዛው፤ ዛሬ በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከሁሉ ዝነኛው የሡልጣን ሙሐመድ ሥዕል ነው። ይህ ሰው በስሙ እንዳትሳሳቱ፣ ንጉሥ ሳይሆን ሠዓሊ ነው። ለፋርሱ ንጉሥ ለሻህ ጠህማስብ ከ1539 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀ የግጥም መጽሐፍ ውስጥ ሣለው። ሌሊቱ ሰማያዊ ነው። ደመናው ይጠቀለላል። መላእክት ከየአቅጣጫው ስጦታ ይዘው ይከንፋሉ። ነቢዩ በነበልባል ብርሃን ተከበዋል፤ ፊታቸው ግን በነጭ መሸፈኛ ተከልሏል። ሠዓሊው ፊታቸውን የሸፈነው ስለ አክብሮት ነው። ቡራቅ የሰው ፊት አለው፤ ዘውድ ደፍቷል። መጽሐፉ ዛሬ ለንደን ነው።

ሠዓሊዎቹ ለምን የሰው ፊት ሰጡት? ከዘመናት በኋላ የተነሡ ተራኪዎች ጉንጩን የሰው ጉንጭ ያስመስሉት ነበር። ሠዓሊውም ይህ ተራ ከብት እንዳልሆነ በቀለም ማሳየት ነበረበት። የሚሰማ፣ የሚያስተውል፣ የሚያፍር ፍጡር መሆኑን በምን ያሳይ? ፊት ሰጠው። ዘውዱም ክብሩን ለማሳየት ነው። የጣዎስ ጭራውም ውበትን ለመጨመር ከጊዜ በኋላ መጣ።

ይህ ለክርስቲያኖቻችሁም እንግዳ አይደለም። በኅዳር 8 የአርባዕቱ እንስሳን በዓል ታከብራላችሁ። የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ገጽ አላቸው ይባላል። በየቤተ ክርስቲያኑም የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ ታያላችሁ። የፈረሱ ክብርና የሠዓሊው አሳሳል ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አምስተኛው እርከን ማተሚያ ነው። መኪና በብዙ ሺህ የሚያትመው ሥዕል ሲመጣ የቡራቅ መልክ ከነገሥታት መጻሕፍት ወጥቶ ወደ ገበያ ወረደ። በግብፅ፣ በሕንድና በሌላም አገር እየታተመ ተሸጠ። የጎልማሳው ነጋዴ ወንድም የገዛው ከዚህ ነው።

በወሎስ?

በአብዛኛው የእስልምና ሊቃውንት ዘንድ የነቢዩን መልክ መሣል አይፈቀድም። የወሎ ሸሆችም ይህን ይጠብቃሉ። በእጃቸው ያሉት የቆዩ መጻሕፍት በአብዛኛው የሰውና የእንስሳ ሥዕል የለባቸውም። ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ የሰመረ መስመር፣ የተለበጠ ቆዳ፣ ጌጣቸው ይህ ነው። ሽማግሌው «ሐራም» ያሉት ከዚህ ትምህርት ተነሥተው እንጂ ጎረቤታቸውን ለመስደብ አይደለም።

ታዲያ ወሎ ስለ ነቢዩ ክብር ምን ሠራ? በድምፅ ሠራ። መንዙማ አለን። መውሊድ አለን። በጀማ ንጉሥ ሰይድ ሙሐመድ ሻፊ ያቋቋሙት መድረሳ በመውሊዱ የታወቀ ነው። ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ደግሞ መንዙማቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐረብ ፊደል ጻፉ። ይህ አጻጻፍ አጀሚ ይባላል። ልብ በሉ፤ የወሎ ገበሬ ከእኛ በፊት በራሱ ቋንቋ ይጽፍና ያነብ ነበረ። ፊደሉ ሌላ ነው እንጂ ጽሕፈት አልጠፋበትም። እኛ ዛሬ የምናመጣው ሁለተኛ ዓይን ነው፤ የመጀመሪያውን ለመድፈን አይደለም።

መለየት

እንግዲህ ማን ትክክል ሆነ? ሽማግሌው የሐዲሱን ቃል ይዘዋል። ጎልማሳው የሠዓሊውን ሥራ ይዟል። ሁለቱም ያልዋሹ ሰዎች ናቸው። የተጣሉት «ይህን ያለው ማን ነው? የት ነው የተጻፈው? መቼ?» ብለው ስላልተጠያየቁ ነው።

ይህ ጥያቄ ትንሽ አይደለም። በኢየሩሳሌም አንድ የቆየ የድንጋይ ግድግዳ አለ። ሙስሊሞች ቡራቅ የታሰረበት ነው ብለው የቡራቅ ግድግዳ ይሉታል። አይሁድ የጥንት ቤተ መቅደሳቸው ቅሪት ነው ብለው ይጸልዩበታል። በ1929 እ.ኤ.አ. በዚህ ግድግዳ የተነሣ ጠብ በአገሩ ተዛምቶ ከሁለቱም ወገን ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ግድግዳው ብቻ አልነበረም፤ የመሬትና የሥልጣን ጉዳይም ነበረበት። ግን እሳቱ የተለኮሰው እዚያ ነው።

በወሎ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ይወለዳሉ። በአንድ ዕድር ይቀበራሉ። ይህን ሀብት በሥዕል ምክንያት፣ ወይም በአንድ ተማሪ ያልታሰበ ቃል ምክንያት ማጣት አይገባንም።

ማንበብ የቻለ ሰው አንድ ነገር ያተርፋል። በወረቀት የታተመ ሁሉ እውነት ነው ብሎ አይቀበልም። ያላወቀውን ሁሉም ተረት ነው ብሎ አይጥልም። ይለያል። ይህ የቁርአን ነው፤ ይህ የሐዲስ ነው፤ ይህ የታሪክ ጸሐፊ ነው፤ ይህ የሠዓሊ ነው፤ ይህ የነጋዴ ነው ይላል። የእርሻ ውል ሲመጣላችሁም፣ የመድኃኒት ወረቀት ሲመጣላችሁም፣ ወሬ ሲመጣላችሁም እንደዚሁ ነው። «ማን ጻፈው? መቼ? ከየት አገኘው?» በሉ። ፊደል የምትቆጥሩት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ነገር በመጀመሪያ የነገርነው በዚያው ዳስ ነበር። ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። የቀሩትም መጡ። ጎልማሳው ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዶ አመጣው። ከሥሩ በእርሳስ የራሱን ጽሕፈት ጽፎበት ነበር። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ ግን ይነበባል።

ሽማግሌው ወደ ፋኖሱ ተጠግተው እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየነኩ አነበቡ። «ይ-ህ-ን… የ-ሣ-ለ-ው… ሰ-ው… ነ-ው።» በአማርኛ ፊደል ከሰሌዳ ውጭ ያነበቡት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኸው ነው።

ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሥዕሉን አሁንም አልወደድኩትም» አሉ። «ጽሑፉ ግን እውነት ነው። ከጽሑፉ ጋር ተስማምቻለሁ።»

ጎልማሳውም ሥዕሉን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደ። ሽማግሌው በትራቸውን ለጓደኛችን አስያዙና ጠመኔውን ተቀበሉ። በሰሌዳው ላይ ቀስ ብለው «ቡራቅ» ብለው ጻፉ። «ቅ» ትንሽ ተንጋደደችባቸው። አጠፏትና ደግመው ጻፏት።



ለመወያያ

1. መብረቅ፣ አብረቀረቀ፣ ቡራቅ። በእነዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ የሚገኙትን የጋራ ፊደሎች ጻፉ።

2. ስለ ቡራቅ በቁርአን ያለው፣ በሐዲስ ያለውና በሥዕል ያለው በምን ይለያያል?

3. አንዲት በቅሎ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ከሐይቅ ደሴ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስንት ቀን ይፈጅባታል? 1,200 ኪሎ ሜትርስ?

4. በመንደራችሁ ሰዎች ያልተስማሙበት ወሬ ወይም ጽሑፍ አለ? «ማን ጻፈው? መቼ? ከየት አገኘው?» ብላችሁ ተወያዩበት።

5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት በዐረብ ፊደል ወይም በግእዝ የተጻፈ የቆየ መጽሐፍ ካለ ባለቤቱን በአክብሮት ጠይቁ። የነገራችሁን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ወደ ዳሱ አምጡ።